ከገባርነት ወደ ማሊ ቴአትር፦ የሚኻይል ሽቼፕኪን ሕይወት

ኪነ ጥበብ ከመደብ ልዩነት በላይ የቆመ ነው የሚለው አስተሳሰብ በየዘመኑ ብቅ ማለቱ አልቀረም። ይህንኑ አስተሳሰብ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ የሚተቹ ጽሑፎች ብዙ ስለሆኑ በዚያ ረገድ የምንጨምረው የለንም። በዛሬው ጽሑፋችን ለአንባቢያን የምናቀርበው የአንድ ተዋናይን የሕይወት ታሪክ ነው። ይህ ሰው ዕድሜው ከሠላሳ ዓመት በላይ እስኪሆን ድረስ በሕግ ፊት እንደ ከብትና እንደ ጎተራ እህል የሚቆጠር የሌላ ሰው ንብረት ነበር። ማታ በመድረክ ላይ ሲጫወት ያጨበጨቡለት እንግዶች፣ በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ሳህን ተሸክሞ ከወንበራቸው ኋላ ቆሞ ያገኙት ነበር። የሩሲያን የተውኔት አጨዋወት ከሥሩ የለወጠው፣ የሞስኮው ማሊ ቴአትርም እስከ ዛሬ እንደ አባት የሚቆጥረው ይኸው ሰው ነው። ስሙም ሚኻይል ሴሚዮኖቪች ሽቼፕኪን ይባላል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ቀኖቹ ደግሞ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ይሠራበት በነበረው በአሮጌው ካሌንደር መሠረት የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢያን እንዲያስተውሉልን እንወዳለን።

ሽቼፕኪን በኅዳር ወር 1788 በኩርስክ ጠቅላይ ግዛት፣ በኦቦያን አውራጃ፣ ክራስኖዬ በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ ሴሚዮን የካውንት ቮልከንሽታይን ገባር ነበር። ገባር ስንል ግን ከምርቱ ሲሶውን ወይም እርቦውን ለባለመሬት የሚያስረክበውን አራሽ ብቻ ማለታችን አይደለም። በ1649 የወጣው ሕግ የሩሲያን ገበሬ ከነልጅ ልጁ ከመሬቱ ጋር አሰረው፤ ከዚያም በተከታዮቹ ዘመናት ባለርስቱ ገበሬውን ከመሬቱ ነጥሎ የመሸጥ፣ በቁማር የማስያዝ፣ ባልን ከሚስት የመለየት ሥልጣን አገኘ። ንግሥት ካትሪን ዳግማዊት በ1767 ባወጣችው ድንጋጌ ደግሞ ገባሩ በጌታው ላይ አቤቱታ ማቅረብ እንኳ በወንጀል የሚያስቀጣው ሆነ። የሽቼፕኪን አባት በካውንቱ ዘንድ የታመነ የርስት አስተዳዳሪ በመሆኑ ቤተሰቡ እንደ አብዛኛው ገባር አልተራበም። ይሁን እንጂ መታመኑ ከንብረትነት አላወጣውም፤ ልጆቹም ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ በካውንቱ መዝገብ ተጻፉ።

በዚያን ዘመን የሩሲያ ባለጸጎች የሚፎካከሩበት አንድ አዲስ የጌጥ ዓይነት ተፈጥሮ ነበር። ይህም የገባሮች ቴአትር ነው። ባለርስቱ ከመንደሩ መልከ መልካሞቹንና ድምፀ መረዋዎቹን ይመርጥና ዘፈን፣ ጭፈራና ፈረንሳይኛ ያስተምራቸዋል፤ ከዚያም በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ኦፔራ ያስጫውታቸዋል። ከሁሉም የገነነው የካውንት ሼሬሜቴቭ ቴአትር ሲሆን፣ በዚያ ያደገችው ገባር ተዋናይት ፕራስኮቪያ ዠምቹጎቫ በሥራዋ ለዝና በቅታለች። ካውንቱ በ1798 ነጻ አውጥቷት በ1801 በምሥጢር አገባት፤ እርሷም በ1803 ልጅ ወልዳ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። የተለመደው ግን የዚህ ተቃራኒ ነበር። በኦሪዮል ከተማ ካውንት ካሜንስኪ የተባለ ባለርስት በ1815 ቴአትር ከፍቶ ቲኬቱን ራሱ እየቆረጠ ይሸጥ ነበር። ትርኢቱ ሲጀመር ከፊት ተቀምጦ ተዋንያኑ የሚሠሩትን ስሕተት በደብተር ይመዘግባል፤ መጋረጃ ሲወርድ ከመድረክ ጀርባ ሄዶ በአለንጋ ሒሳቡን ያወራርዳል። ታዳሚው በእረፍቱ ጊዜ የሚገረፉትን ጩኸት እየሰማ ሁለተኛውን ክፍል ይጠብቃል። በሩሲያ ቴአትር ታሪክ ላይ ስናወራ እንዲህ ያለውን መነሻ ልንዘነጋው አይገባም።

ሽቼፕኪን የሰባት ዓመት ገደማ ልጅ ሳለ በካውንቱ ቤት ኦፔራ ሲጫወቱ አየ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም ልቡ በመድረክ ተነካ። በሱጃ ከተማ ትምህርት ቤት ሲማር በ1800 ተማሪዎቹ የሱማሮኮቭን አንድ ኮሜዲ ሲያሳዩ የአሽከርነቱ ገጸ ባሕርይ ለእርሱ ተሰጠው። ቀጥሎ በኩርስክ በሕዝብ ትምህርት ቤት ገብቶ በትምህርቱ ከፊተኞቹ ተርታ ተሰለፈ። በከተማይቱ ይኖር የነበረው ባለቅኔ ኢፖሊት ቦግዳኖቪች የልጁን የንባብ ጥማት አይቶ መጻሕፍቱን ያውሰው ጀመር። አንድ ነገር ግን መታሰብ አለበት። ካውንቱ ገባሩን ያስተማረው ለልጁ ዕድል አስቦ ሳይሆን የንብረቱን ዋጋ ከፍ ለማድረግ ነው። ማንበብና መጻፍ የሚችል ገባር ከማይችለው ይልቅ በገበያ ላይ ብዙ ያወጣ ነበርና።

በ1805 መኸር በኩርስክ የባርሶቭ ወንድማማቾች ቴአትር ሜርስዬ የተባለው ፈረንሳዊ የጻፈው «ዞአ» የተሰኘ ድራማ ሊታይ ቀን ተቆርጦለት ሳለ፣ የፖስተኛውን ቦታ የያዘው ተዋናይ በቁማር ተበልቶ ከመጠጥ ቤት መውጣት ሳይችል ቀረ። ሽቼፕኪን በዚያ ቴአትር ቃል አስታዋሽና ጽሑፍ ገልባጭ ሆኖ ይረዳ ስለነበር ልተካው ብሎ ለመነ። ቃሉን በጥቂት ሰዓት ውስጥ አጥንቶ ገባ፤ ተሳካለትም። በሙያው የተሰማራው በዚህ አጋጣሚ ነው። ካውንቱ ፈቃድ ሰጠው እንጂ አልለቀቀውም፤ ክረምት በኩርስክ መድረክ፣ በጋ በጌታው ማዕድ ቤት ማገልገሉ ለዓመታት ቀጠለ።

እስከዚያ ጊዜ ድረስ በሩሲያ ጥሩ ተዋናይ የሚባለው እንዴት እንደሚጫወት ሽቼፕኪን ራሱ በማስታወሻው ዘርዝሮ ትቶልናል። ማንም በመድረክ ላይ በተፈጥሮ ድምፁ አይናገርም፤ እያንዳንዱን ቃል ጮክ አድርጎ፣ እያንዳንዱንም ከእጅ እንቅስቃሴ ጋር ማውጣት ይገባል። ፍቅር፣ ቁጣ፣ ክሕደት የሚሉት ቃላት ሲደርሱ ያለ የሌለ ኃይል ይፈስባቸዋል። ገጸ ባሕርዩ ከመድረክ ሲወጣ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ማንሣት ግዴታ ነው። ይህ አጨዋወት ከየት መጣ ቢባል፣ የቤተ መንግሥት ሥነ ሥርዓት ቅጂ ነው ብለን ለመናገር እንደፍራለን። ጌታ በጌታ ፊት ራሱን የሚያሳይበት ስልት እንጂ ሰው ከሰው ጋር የሚነጋገርበት አልነበረም።

በ1810 ሽቼፕኪን ዩናኮቭካ በተባለ ርስት ልዑል ሜሽቼርስኪ የተባለ ሽማግሌ መኮንን የሱማሮኮቭን ንፉግ ገጸ ባሕርይ ሲጫወት ተመለከተ። በመጀመሪያ ሳቁ መጣበት። ሰውዬው እጁን አያወራጭም፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ በቤቱ እንደሚያወራ ያወራል። ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ሲል ገረመው። ትርኢቱ እየገፋ ሲሄድ ግን ሳያውቀው እንባው ፈሰሰ። ንፉጉ ገንዘቡን ያጣ ዕለት የሚሰማው ሥቃይ የእውነት ሥቃይ ሆኖ ታየው። ወደ ቤቱ ሲመለስ ተውኔቱን ገልብጦ አጠናና እንደዚያ ለመጫወት ሞከረ፤ አልሆነለትም። ብዙ ለፋ፤ ይበልጥ ራቀበት። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን በሞልየር «የባሎች ትምህርት ቤት» ልምምድ ላይ ደክሞት ስለነበር ኃይል ሳይጨምር ቃሉን ዝም ብሎ ማነብነብ ጀመረ። ጥቂት እንደሄደ ዐረፍተ ነገሮቹን በተራ ሰው አነጋገር መናገሩን ልብ አለ። መፍትሔው በጥረት ሳይሆን በድካም መጣለት ማለት ነው። በሞያ ዓለም ውስጥ የዋሉ አንባቢያን የዚህን ነገር እውነትነት ይገነዘቡታል ብለን እናምናለን።

በ1812 ያገባት ኤሌና ዲሚትሪዬቭና በትውልዷ ቱርካዊት ስትሆን፣ በ1791 የሩሲያ ጦር አናፓ የተባለውን ምሽግ ሲይዝ በፍርስራሽ መካከል የተገኘች ሕፃን ነበረች። የጦርነት ምርኮኛና የባለርስት ገባር ጎጆ ወጡ። ልጆች ተወለዱ፤ የተወለዱትም በሥርዓቱ ደንብ ገባሮች ሆኑ።

የኩርስኩ ቴአትር በ1816 ሲዘጋ ሽቼፕኪን በካርኮቭ የሽታይን ቡድን ውስጥ ገባ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ወደ ፖልታቫ ተዛወረ። እዚያ የነበረው ቴአትር በደራሲው ኢቫን ኮትሊያሬቭስኪ የሚመራ ነበር። ዘመናዊ የዩክሬን ሥነ ጽሑፍ ከዚህ ሰው ይጀምራል። «ናታልካ ፖልታቭካ» የተባለው ተውኔቱ በ1819 ሲታይ የመንደሩን ሹም ሆኖ የተጫወተው ሽቼፕኪን ነው። ገበሬው በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ ልብስ፣ መሳቂያ ሳይሆን ባለታሪክ ሆኖ መድረክ ላይ ሲወጣ ታዳሚው ያየው እንደ ተአምር ነበር። ሽቼፕኪን ዩክሬንኛን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቅ ስለነበረ ይህ ትምህርት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተለየውም።

በፖልታቫ ነው የነጻነቱ ጉዳይ የተነሣው። የአካባቢው ጠቅላይ ገዥ ልዑል ኒኮላይ ረፕኒን የሽቼፕኪን አድናቂ ነበር፤ በ1825 በዛሩ ላይ ከተነሡት ዲሴምብሪስቶች አንዱ የሆነው ሰርጌ ቮልኮንስኪ ወንድሙ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ እንጠቅሳለን። በ1818 ለሽቼፕኪን ቤዛ የሚሆን ገንዘብ ለማሰባሰብ ትርኢት ተዘጋጀ፤ መኳንንት፣ ነጋዴዎችና የጦር መኮንኖች በመዋጮ ዝርዝር ላይ ፈረሙ። የቮልከንሽታይን ቤተሰብ የጠየቀው በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሩብል ነበር። ተዋናዩ በዝና በገነነ ቁጥር ዋጋው ይወደድ ስለነበር፣ ሽቼፕኪን በመድረክ ላይ ያሳየው እያንዳንዱ ብልጫ የራሱን ሰንሰለት ያከብደው ነበር ማለት ይቻላል። የተሰበሰበው ገንዘብ ስላልሞላ ጎደሎውን ረፕኒን ጨምሮ ቤተሰቡ በወረቀት ወደ እርሱ ስም ተላለፈ። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ጌታ እንደ መዛወር ያለ ነገር ነው። እውነተኛው የነጻነት ወረቀት በእጁ የገባው ዓመታት ከተቆጠሩ በኋላ በ1820ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ ቤተሰቡን ሁሉ ለማውጣትም ዕዳ ውስጥ ገብቷል። የመዋጮውን በጎ አድራጊዎች ልናንቋሽሽ አንሻም። ሆኖም ለአንዱ ተዋናይ ነጻነት ገንዘባቸውን ሰጥተው ወደ ቤታቸው የተመለሱት ብዙዎቹ በር የሚከፍትላቸው ገባር እንደ ነበራቸው መዘንጋት አንችልም። አንድን ሰው ከሥርዓቱ መዋጀትና ሥርዓቱን መለወጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አሁን ስለ ሞስኮ ቡድን ጥቂት እንበል። የሩሲያ ቋሚ ሕዝባዊ ቴአትር በንግሥት ኤልሳቤጥ ድንጋጌ በነሐሴ 30 ቀን 1756 በፒተርስቡርግ ተቋቋመ። በሞስኮም በዚያው ዘመን በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ የተውኔት ቡድን ተፈጠረ፤ የማሊ ቴአትር ሰዎች ታሪካቸውን የሚቆጥሩት ከዚህ ነው። በ1780 የተከፈተው የፔትሮቭስኪ ቴአትር በ1805 በእሳት ጋየ። በ1806 የሞስኮው ቡድን በንጉሠ ነገሥቱ ቴአትሮች አስተዳደር ሥር ሲገባ ተዋናይ ያስፈልግ ስለነበር መንግሥት የባለርስቱን የስቶሊፒንን የገባሮች ቡድን ገዛ። ስቶሊፒን መጀመሪያ 42 ሺህ ሩብል ጠራ፤ ከድርድር በኋላ 74 ነፍስ በ32 ሺህ ሩብል ተሸጠ። ተዋንያኑ ተበታትነን እንዳንሸጥ ብለው ዛሩን በጽሑፍ ለምነው ነበርና ይህ ለእነርሱ እንደ ምሕረት ተቆጠረላቸው። ከዚያም በኋላ በትርኢት ማስታወቂያ ላይ ልዩነቱ ቀጠለ። በነጻነት ከተወለደው ተዋናይ ስም ፊት አቶ እንደ ማለት የሆነች አንዲት ፊደል ትጻፋለች፤ ከገባርነት የመጣው ስም ግን ባዶውን ይታተማል። ሁለቱ ጎን ለጎን በአንድ መድረክ ላይ ይጫወታሉ፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ማን ማን እንደሆነ ለአላፊ አግዳሚው ይናገራል።

ሽቼፕኪን ከዚህ ቡድን ጋር የተቀላቀለው በ1822 መስከረም ወር በሞስኮ ለሙከራ ተጫውቶ ከተወደደ በኋላ ሲሆን፣ በማግሥቱ ዓመት በቋሚነት ተቀጠረ። በጥቅምት 14 ቀን 1824 የቫርጊን የተባለ ነጋዴ ቤት በሥነ ሕንፃ ሊቁ ኦሲፕ ቦቬ ተለውጦ ለቴአትር ተከፈተ። ጎኑ ላይ የኦፔራና የባሌት ቤት የሆነው ቦልሾይ፣ ትርጉሙ ትልቁ፣ በጥር 1825 ሥራ ሲጀምር የድራማው ቤት ማሊ፣ ማለትም ትንሹ፣ ተባለ። ስሙ በዚያው ቀረ።

ሽቼፕኪን አጭር፣ ወፍራም፣ ድምፁም ደካማ ነበር። ከእርሱ ጋር የገነነው ፓቬል ሞቻሎቭ የተባለ ባለ ትራጄዲ ተዋናይ ደግሞ የገባር ተዋናይ ልጅ ሲሆን፣ ስሜቱ የመጣለት ዕለት አዳራሹን ያናውጣል፤ ያልመጣለት ዕለት እንደ ተራ ሰው ይወድቃል። ሽቼፕኪን በስሜት መምጣትና መቅረት አይታመንም ነበር። መቶ ጊዜ የተጫወተውን ገጸ ባሕርይ እንኳ በትርኢቱ ዋዜማ እንደ አዲስ ይደግመው እንደ ነበር ይነገርለታል። ተዋናይ በራሱ ስሜት ሳይሆን በሚጫወተው ሰው ቆዳ ውስጥ መግባት አለበት፤ የሚጫወተውን ሰው የኑሮ ደረጃ፣ አስተዳደግና ልማድ አጥንቶ ማወቅ አለበት የሚለው ትምህርቱ፣ እኛ ስናየው የሰው ጠባይ ከኅብረተሰባዊ ሁኔታው ይመነጫል ከሚለው ሐሳብ ብዙም አይርቅም። ነጻነቱን በሥራ ያገኘ ሰው በመሆኑ ሥራን ሁሉ ከተሰጥኦ አስበልጦ ማየቱ አያስገርምም።

በኅዳር 1831 የግሪቦዬዶቭ «ከብልህነት የሚመጣ መከራ» በሞስኮ ሙሉ በሙሉ ሲታይ ሽቼፕኪን ፋሙሶቭ የተባለውን ትዕቢተኛ ባለሥልጣን ሆኖ ተጫወተ። ደራሲው ከሁለት ዓመት በፊት በ1829 በቴሕራን ተገድሎ ስለነበር ይህን ለማየት አልታደለም። ሽቼፕኪን ራሱ የጌታ ደም የለኝምና ፋሙሶቭን በሙሉ አልሆንኩትም ብሎ ያምን ነበር። እኛ ግን እንለያለን። ጌቶችን ከወንበራቸው ኋላ ቆሞ ለዓመታት ካየ ሰው የተሻለ የሚያውቃቸው ከወዴት ይገኛል?

ከጎጎል ጋር የተዋወቁት በ1832 ነው። ወጣቱ ደራሲ ሳይጠራ በሽቼፕኪን ቤት ምሳ ላይ ደረሰ፤ ከዚያች ቀን በኋላ እስከ መጨረሻው ወዳጆች ሆኑ። በ1836 ፀደይ ጎጎል «ዋና ተቆጣጣሪው» የተባለውን ኮሜዲ ሲያወጣ የሞስኮውን ዝግጅት ለሽቼፕኪን በአደራ ሰጠው፤ በግንቦት 25 ቀንም በማሊ መድረክ ታየ። ሽቼፕኪን የከተማውን ሹም ሆነ። የሹሙ ጉቦ መቀበል ከክፋት የመጣ ሳይሆን ከልማድ የመጣ፣ ለራሱም ሕጋዊ የሚመስለው መሆኑን አሳየ፤ ያስፈራውም ይህ ነው። የመጀመሪያው ምሽት ታዳሚ ግን ቀዘቀዘ። በቦታው የነበሩት ባብዛኛው ባለሥልጣናትና ባለጸጎች ነበሩ። ሽቼፕኪን አጨዋወታችን ከሽፏል ብሎ ሲጨነቅ አንድ ወዳጁ ምክንያቱን ነገረው፤ ከአዳራሹ ገሚሱ ጉቦ ተቀባይ፣ ገሚሱ ጉቦ ሰጪ በሆነበት ማን እንዲስቅ ይጠበቃል የሚል ነበር። ተራው ሕዝብ መግባት ሲጀምር ግን ሳቁ መጣ።

በዚያው ግንቦት አሌክሳንድር ፑሽኪን ሞስኮ መጥቶ ሽቼፕኪን ሕይወቱን እንዲጽፍ ይጎተጉተው ነበር። ፑሽኪን በስሙ በአዲስ አበባ አደባባይ የተሰየመለት፣ ቅድመ አያቱ ሃኒባል ከአፍሪካ የተወሰደ መሆኑን አንባቢያን የሚያውቁት ባለቅኔ ነው። ተዋናዩ ቢያመነታ ግንቦት 17 ቀን ደብተር አምጥቶ ርዕሱንና የመጀመሪያዎቹን ቃላት በገዛ እጁ ጽፎ ሰጠው። ሽቼፕኪንም ቀጠለው። ስለ ገባሮች ሕይወት በገባር የተጻፈ ምስክርነት እጅግ ጥቂት በሆነበት አገር ይህ ማስታወሻ ያለው ዋጋ ከቴአትር ታሪክ ያልፋል።

ጎጎል በኋለኛው ዘመኑ መንፈሳዊ ጭንቀት ይዞት በ1846 ለ«ዋና ተቆጣጣሪው» አዲስ መፍቻ ጻፈ። በዚህ መሠረት ሹሙና ግብረ አበሮቹ የሩሲያ ባለሥልጣናት ሳይሆኑ በእያንዳንዳችን ልብ ውስጥ ያሉ ክፉ ምኞቶች፣ ተቆጣጣሪውም የሕሊና ምሳሌ ነው። ሽቼፕኪን ይህን ሲያነብ ተቆጣ። በደብዳቤው እነዚህ ሰዎች ለዓመታት አብሬያቸው የኖርኩ ሕያዋን ናቸውና ምሳሌ አታድርጋቸው፤ በሕይወት እስካለሁ አልሰጥህም ሲል ተቃወመው። አንድ ተዋናይ የገጸ ባሕርያትን ሥጋ ከራሳቸው ደራሲ ላይ ሲከላከል በታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይታይም። ደግሞም ሽቼፕኪን እውነት ነበረው፤ ጉቦን የልብ ምኞት ብቻ ካደረግነው ጉቦ ተቀባዩ ከወንበሩ ሳይነቃነቅ ይቀራል።

ተራማጅ አስተሳሰብ ከነበራቸው ምሁራን ጋር የነበረው ግንኙነት የጠበቀ ነው። በ1846 ሐያሲው ቤሊንስኪ ታሞ ሳለ ሽቼፕኪን በደቡብ ሩሲያ ለትርኢት ሲዘዋወር አብሮ ወሰደው። ለአሌክሳንድር ሄርዘን ደግሞ በአንድ የባለርስት ቴአትር ያያትን ገባር ተዋናይት ታሪክ አጫወተው፤ ችሎታዋ ከፍ ያለ፣ ጌታዋ የሚያሳድዳት፣ እምቢ በማለቷ የጠፋች ሴት ነበረች። ሄርዘንም ይህን መሠረት አድርጎ «ሌባዋ ወፍ» የተሰኘውን ልብ ወለድ ጻፈ፤ በ1848 ታተመ። ቦታው የካሜንስኪ የኦሪዮል ቴአትር መሆኑ ይታመናል።

ይሁን እንጂ ሽቼፕኪንን አብዮተኛ አድርገው የሚያቀርቡ ጽሑፎች ከእውነቱ ያልፋሉ። በ1853 ሄርዘን በለንደን ነጻ የሩሲያ ማተሚያ ቤት ሲያቋቁም ሽቼፕኪን ባሕር ተሻግሮ ሄደ። የሄደው ሊያበረታታው አይደለም፤ ማተሚያውን ዝጋና ወደ አሜሪካ ሂድ፣ ሰዎች እስኪረሱህ ዝም በል፣ አለዚያ በሞስኮ የቀሩት ወዳጆችህ ይታሰራሉ ብሎ ሊለምነው ነው። ሽማግሌው አለቀሰ፤ ሄርዘን ግን አልተለወጠም። በኀዘን ተለያዩ። ማን ትክክል እንደ ነበረ በኋላ የመጣው ዘመን ፈርዷል። ሆኖም ፍርሃቱ ለራሱ ቆዳ ሳይሆን ለሌሎች መሆኑን ሄርዘን ራሱ አልካደም። ከጌታ ፊት አጎንብሶ ያደገ ሰው፣ ጌታ ሲቆጣ ምን እንደሚያደርግ ከመኳንንት ተወልዶ ካደገው አብዮተኛ የበለጠ ያውቅ ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ ግን ሌላ ነገር አደረገ። የዩክሬኑ ባለቅኔ ታራስ ሼቭቼንኮ እርሱም የተወለደው ገባር ሆኖ ነው። በ1838 ሠዓሊው ብሩሎቭ የሣለው ሥዕል በዕጣ ተሸጦ በተገኘው 2 ሺህ 500 ሩብል ነጻ ወጣ። በ1847 ተይዞ በተራ ወታደርነት ተጋዘ፤ መጻፍም መሣልም ተከለከለ። አሥር ዓመት ተቀጥቶ በ1857 ሲለቀቅ ሞስኮና ፒተርስቡርግ እንዳይገባ ታዞ በኒዥኒ ኖቭጎሮድ ቆመ። በታኅሣሥ ወር፣ የሩሲያ በረዶ በጠነከረበት ጊዜ፣ የ69 ዓመቱ ሽቼፕኪን በመንሸራተቻ ጋሪ ተጭኖ ከሞስኮ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የፖሊስ ዓይን ወዳልተለየው ወዳጁ ደረሰ። ስድስት ቀን አብረው ቆዩ። በከተማውም መድረክ ላይ ተጫወተ። በመጋቢት 1858 ሼቭቼንኮ ሞስኮ ሲደርስ ያረፈው በሽቼፕኪን ቤት ነበር። ሼቭቼንኮም «ኒዮፊቶች» የተባለውን ረጅም ግጥሙን በስሙ አበረከተለት። በመዋጮ የተዋጀው ተዋናይና በዕጣ የተዋጀው ባለቅኔ በዚያ ስድስት ቀን ምን እንደ ተጨዋወቱ ሁሉም አልተጻፈም።

በሙያው ሁልጊዜ ከፊት ነበር ለማለት አንችልም። በጥር 1853 የኦስትሮቭስኪ ተውኔቶች በማሊ መታየት ሲጀምሩ አዲስ ዘመን ገባ። መርከሬና የነጋዴ ቦት ጫማ መድረክ ላይ ወጣ፤ ወጣቱ ፕሮቭ ሳዶቭስኪ የአዲሱ አጨዋወት ባንዲራ ያዥ ሆነ። ሽቼፕኪን ግን የነጋዴው ሰካራም ወንድም ስካር አስነዋሪ ሆኖ ታየው፤ ከወጣቶቹ ጋርም ተጋጨ። መንገድ ከፋቹ ራሱ በከፈተው መንገድ ላይ የቆመ መሰለ። ያም ሆኖ በ1855 በኒዥኒ ኖቭጎሮድ ያንኑ ሰካራም ወንድም፣ ሊዩቢም ቶርትሶቭን፣ በ«ድህነት ነውር አይደለም» ውስጥ ራሱ ተጫወተው። ኦስትሮቭስኪ ከጊዜ በኋላ የማሊ ዋና ደራሲ ሆነ፤ በ1929 የቆመው ሐውልቱ ዛሬም በቴአትሩ በር ፊት ተቀምጧል።

በየካቲት 19 ቀን 1861 የገባርነት ሥርዓት በአዋጅ ሲሻር ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከባለርስት ንብረትነት ወጡ፤ ለመሬቱ ግን ለአሥርተ ዓመታት የሚከፈል ዕዳ ተጫነባቸው። ሽቼፕኪን ይህን ቀን በሕይወት አየ። በቀጣዩ ዓመት ጥር ወር ቱርጌኔቭ ለእርሱ ብሎ የጻፈው «ጥገኛው» የተባለ ተውኔት ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈቀደ። ሳንሱሩ ከ1849 ጀምሮ ይዞት ነበር። ታሪኩ በባለጸጋ ቤት የሚኖር፣ ምሳውን ጌቶችን በማሳቅ የሚያገኝ ምስኪን ሽማግሌን ይመለከታል። ሽቼፕኪን ለ13 ዓመት በወዳጆች ቤት ብቻ ሲያነበው የቆየውን ገጸ ባሕርይ በ73 ዓመቱ መድረክ ላይ ተጫወተው።

በሞስኮ የቴአትር ትምህርት ቤት ከ1832 ጀምሮ ያስተምር ነበር፤ ቤቱም በጡረተኛ ተዋንያን፣ በዘመድና በተማሪ የተጨናነቀ እንደ ነበር ሁሉም ይመሰክራሉ። የመጨረሻ ተማሪዎቹ ከነበሩት አንዷ ግሊኬሪያ ፌዶቶቫ ከብዙ ዓመት በኋላ ያስተማረችው ወጣት ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ ይባል ነበር፤ እርሱም በ1898 የሞስኮን የኪነ ጥበብ ቴአትር ከኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ጋር አቋቋመ። ስታኒስላቭስኪ የተወለደው ሽቼፕኪን በሞተበት በ1863 ነው። ማሊ ቴአትር ሥር ያለው ከፍተኛ ትምህርት ቤት ከ1938 ጀምሮ በሽቼፕኪን ስም ይጠራል።

በዚያ ዓመት በጋ ሽቼፕኪን ለጤናውም ለትርኢትም ብሎ ወደ ክሪሚያ ወረደ። ነሐሴ 11 ቀን በያልታ አረፈ። አብሮት የነበረው አገልጋይ እንደ ተናገረው፣ በመጨረሻዋ ዕለት ከአልጋው ዘሎ ተነሥቶ ቶሎ ልብሴን አምጡልኝ፣ ወደ ጎጎል መሄድ አለብኝ አለ። ጎጎል ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። አስከሬኑ ወደ ሞስኮ መጥቶ በፒያትኒትስኮዬ መቃብር፣ ከታሪክ ሊቁና ከወዳጁ ከቲሞፌ ግራኖቭስኪ አጠገብ ተቀበረ።